ስለ አቶ ሻምበል ጌጡ የፊት ግራ እግር የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ብዕሩን የያዘችው ኤፍራታ ናት፤ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ የጌጡ ይታያል፣ የአዋሽን ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ፊደል የቆጠሩት ምን እንዳደረጉ ከታች ታገኙታላችሁ። የክሊኒኩ ደንበኞች ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠው እኔ ሳልሆን ውሻዬ ነው። እሱ አይጽፍም፤ እኔም አልጽፍም፤ ስለዚህ ኤፍራታ ትጽፋለች። ያልኩትን እንጂ ያማረውን እንዳትጽፍ አስምያታለሁ።

ቀን፦ ረቡዕ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቦታ፦ አዋሽ ከተማ፣ የሦስት ግራር የእንስሳት ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል። ማራገቢያው አለ፤ አይዞርም።

ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ በ4፡40 ተጀመረ። የዘገየውም ሰዓት ስለማክበር ንግግር የሚያደርጉት ሊቀመንበር እስኪመጡ ሲጠበቅ ነው።

የተገኙ አባላት፦

1. አቶ ገብረሥላሴ፣ ሊቀመንበር። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር። እርግቦች ነበሯቸው፤ መመሪያ በዝቶባቸው ይሁን እንጃ፣ በረዋል።
2. አቶ ጀማሉዲን፣ የስልሳ ፍየል ጌታ።
3. ወይዘሮ ውባንች፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ምግብ ቤት ያላቸው። አንድ ድመት አላቸው፤ ከደንበኛ ይልቅ የምትከበረው እሷ ናት።
4. አቶ ሻምበል ጌጡ ይታያል፣ ጸሐፊ። ውሻ።

ያልተገኙ አባላት፦ ወይዘሮ ሐጂራ ፍየሎቿን ይዛ አዳይቱ ወርዳለች። ሾፌሩ ምስክር መኪናው ተበላሽቶበት ዲቾቶ ላይ ቆሟል። ወይዘሮ አለሚቱ ግን ሁለተኛ እዚህ ግቢ አልረግጥም ብላለች፤ ባለፈው ዶሮዋ ተራ ስትጠብቅ እንቁላል ጥላ፣ እንቁላሉም የራሱን ካርድ ያውጣ ስለተባለ ነው።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ኢህሳን፤ ኤፍራታ፤ እኔ። እኔ የተመዘገብኩት «የአባል አስታማሚ» ተብዬ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አራት ሲገኙ ጉባኤው ሙሉ ነው ይላል ደንቡ። አራት ተገኝተዋል ተባለ። አንደኛው ጭራ አለው።

አጀንዳ 1፦ የጸሐፊውን ምርጫ ማጽደቅ

ሊቀመንበሩ አቶ ሻምበል ባለፈው ስብሰባ በሌለበት በሙሉ ድምፅ ጸሐፊ ሆኖ መመረጡን አስታወሱ። የተመረጠውም በችሎታው ሳይሆን ባለመገኘቱ ነው። በዚህ አገር ኮሚቴ ወግ ሥራ የሚሰጠው ለቀረ ሰው ነው፤ የመጣማ እንቢ ይላላ። ደብዳቤው ቤቴ ድረስ መጣ፤ «ለአቶ ሻምበል ጌጡ፣ ባሉበት» ይላል። ያለበት አጥሬ ሥር ነበር። የጎረቤት ልጅ አነበበልኝና ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ይጻፍ ብያለሁና ይጻፍ።

መጀመሪያ እኔ በእንስሳት ሐኪም አላምንም ነበር። ውሻ ሲታመም ሣር በልቶ ያስመልሳል፤ ካልሆነም ይሞታል። የዛሬ ስድስት ዓመት ሻምበልን ጣቢያው ጓሮ ጅብ ነከሰው። እኔ ብረት አግዬ ልተኩሰው ስል ያኔ እዚህ የነበረው ዶክተር ፍሬምናጦስ እየሮጠ መጣና ብረቱን ከእጄ ቀማኝ። አሥራ ዘጠኝ ቦታ ሰፋው። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ማለት ለእኔ ያ ሰው ሆነ። የሚጽፈው በሉክ ደብተር ነበር። ስትመጣ ካርድ አይጠይቅህም። አፋሮቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ከየት መጣህ፣ በየት አለፍክ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብለው ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት፤ ዳጉ ይሉታል። ፍሬምናጦስም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት ባለቤቱን ዳጉ ይጠይቀው ነበር። ሻምበል ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንኳ ለጨዋታው ስል ይዤው እመጣ ነበር፤ ይኼም ይጻፍ።

ጥሩ ሰው እዚህ ስለማይበረክት ሰመራ ወዳለው ዋናው ክሊኒክ ወሰዱት። በምትኩ ኮምፒዩተር ላኩልን። ኤፍራታ ደብተሩን ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጠችው። ደብተሩ ላይ «ታማሚ ሻምበል፣ ጌጡ ይታያል» ይላል። ኮምፒዩተሩ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይጠይቃል፤ ባዶ ሲተው አያልፍም። እሷም በተርታው ሞላችው፤ ሻምበል፣ ጌጡ፣ ይታያል። ጾታ ወንድ። ዕድሜ አሥራ አንድ። ሥራ ጥበቃ። ውሻዬን ቡቺ ብዬው ቢሆን ትጠራጠር ነበር፤ ሻምበል የሚባል ግን በዚህ ከተማ ብቻ ስንት ሰው አለ። ኮሚቴውም የተመረጠው ከዚያው ከኮምፒዩተሩ ነው፤ በትጋት የተመላለሱ ሰባት ደንበኞች ተብሎ። ትጉ የተባለው ውሻው ነው፤ እየጎተተ ያመጣው ሰውዬ ስሙ የለም።

እነሆ የእኔ ስም የውሻ አባት ሆነ። ይታያል የሚባለው አባቴ በሕይወቱ ውሻ በበሩ አላሳለፈም፤ በመቃብሩ የውሻ አያት አደረጉት። ገበያ ስወጣ «ልጅህ ደህና ነው?» ይሉኛል።

ኤፍራታ እዚህ ላይ ብዕሩን አቁማ ጥፋቷ እንዲህ በዝርዝር መጻፍ እንዳለበት ጠየቀች። አለበት አልኳት። በገዛ እጇ ጻፈች።

ከአጭር ውይይት በኋላ ጸሐፊው በጸሐፊነቱ እንዲቀጥል፣ አስታማሚው እንዲናገርለት፣ ካርድ ክፍሏ እንድትጽፍለት ተወሰነ። አንድ ጸሐፊ ለመሆን ሦስት ነፍስ ፈጀ።

አጀንዳ 2፦ የአገልግሎት ማሻሻያ

አስታማሚው፣ ማለትም እኔ፣ ከሁሉ በፊት የሻምበል እግር ይታይ ስል አመለከትኩ። የፊት ግራ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ሦስት ሌሊት አልተኛም። ሰኞ ይዤው ስመጣ ዶክተር ኢህሳን የካርዱን ቁጥር ኮምፒዩተሩ ላይ መታችው፤ «ለሰው አገልግሎት አይሰጥም» አለ። የመድኃኒቱ ሣጥን የሚከፈተው ኮምፒዩተሩ ሲፈቅድ ነው። ፊት ለፊቷ አንድ የሚያነክስ ውሻ ቆሟል፤ እሷ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሳ «የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ካልመጣ ሰመራ አያስተካክልም» አለችኝ። የሳሎን ዕቃ ትመስላለች ብያት ወጣሁ። ይኼ ይሰረዝ ቢባልም አልሰርዝም።

ሊቀመንበሩ የሻምበል ጉዳይ አጀንዳ 3 ላይ ስለተያዘ እግሩም አጀንዳ 3ን ይጠብቅ ሲሉ መለሱ። ወይዘሮ ውባንች፣ እብጠት አጀንዳ ያነባል እንዴ ጋሽዬ ሲሉ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ሥርዓት ሥርዓት ነው አሉ። ሻምበል ከጠረጴዛው ሥር አቃሰተ። አስተያየቱ ተመዘገበ።

ቀጥሎ ሊቀመንበሩ፣ ወደ ክሊኒኩ የሚመጣ ማንኛውም እንስሳ ሁለቱ ጆሮዎቹ የሚታዩበት ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ እንዲቀርብ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ጀማሉዲን፣ ወላሂ ስልሳ ፍየል ፎቶ ቤት አላሰልፍም፤ ደግሞስ ፎቶ አንሺው ፈገግ በሉ ቢላቸው ማን ያስተረጉምላቸዋል ሲሉ ተቃወሙ። ወይዘሮ ውባንች ደገፉ፤ ድመታቸው ፎቶ ትወጣለች።

ድምፅ ተሰጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ሻምበል የታመመውን እግሩን መሬት አያስነካም፤ ደረቱ ድረስ ከፍ አድርጎ ይዞታል። ሊቀመንበሩ የድጋፍ እጅ ሲቆጥሩ በመነጽራቸው አናት አዩና «አቶ ሻምበልም ደግፈዋል» አሉ። እኔ ታሞ ነው እንጂ ደግፎ አይደለም ብል፣ አስታማሚ የአባልን ድምፅ መተርጎም አይችልም ተባልኩ። ፎቶግራፉ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ።

ወይዘሮ ውባንች ተራቸውን ጠብቀው፣ ውሾች ድመታቸውን እያዩ ምራቃቸውን ስለሚያዝረበርቡ ውሻ በዚህ መጠበቂያ ክፍል እንዳይቀመጥ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ እንዲጠብቅ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ተቃወሙ፤ ወንበሮቹ በሰመራ የንብረት መዝገብ ላይ ለየትኛው እንስሳ እንደሆኑ አልተገለጸም አሉ። አቶ ጀማሉዲን ስብሰባው እንዲያልቅላቸው ሲሉ ደገፉ። ሻምበል እግሩን እንዳነሳ ነው። በሦስት ድጋፍ ጸደቀ። ውሻዬ ውሻ እንዲባረር ድምፅ ሰጠ። ከዚህ ኮሚቴ ውስጥ በገዛ ራሱ ላይ ሲፈርድ ያየሁት ብቸኛ አባል እሱ ነው።

አጀንዳ 3፦ አቶ ሻምበል ጌጡ ሰው ወይስ ውሻ መሆኑን መወሰን

ሊቀመንበሩ ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ በማስገንዘብ ጀመሩ። ሰው ከሆነ ክሊኒኩ አያክመውም። ውሻ ከሆነ አባል አይሆንም። አባል ካልሆነ የተገኘነው ሦስት ነን። ሦስት ከሆንን ስብሰባ የለም። ስብሰባ ከሌለ ውሻ ነው ብሎ የሚወስን የለም። ስለዚህ ውሻ ነው ብለን እንድንወስን ውሻ መሆን የለበትም ሲሉ አስረዱ።

አቶ ጀማሉዲን፣ አላህ የሠራውን ፍጡር እኛ እጅ አውጥተን እንቀይረዋለን ወይ ሲሉ ጠየቁ። ወይዘሮ ውባንች ጠጋ ብለው ሻምበልን ካዩ በኋላ፣ ጥርሱን አይቼዋለሁ ውሻ ነው ሲሉ መሰከሩ። ሊቀመንበሩ ጥርስ ማስረጃ አይሆንም አሉ። እኔ፣ ርዕሰ መምህር በነበሩ ጊዜ ስንቱን ልጅ ሰው አትሆንም ብለው አባረሩ፤ ዛሬ ውሻዬን ሰው ካላደረግሁ ብለው ሙጭጭ አሉ ስል አስተያየት ሰጠሁ። አስተያየቱ ከአጀንዳው ውጪ ነው ተባለ። ወይዘሮ ውባንች የሳቁት ግን አጀንዳው ውስጥ ነው።

ሊቀመንበሩም፣ አስታማሚው ስለ ስሙ ብቻ ተቆርቁሮ ስብሰባ ያውካል ሲሉ ወቀሱኝ። ዋሹ አልልም። ስሜ ይቆረቁረኛል። እግሩ ግን ይብሳል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ስሜን ለጅብ እሰጣለሁ፤ እግሩን አክሙልኝ አልኩ። ዶክተር ኢህሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ አነሳች።

በዚህ መካከል የዙሁር ሶላት ሰዓት ደረሰ። አቶ ጀማሉዲን ተነሱ። እሳቸው ሲወጡ ጉባኤው ስለሚጎድል ለአርባ ደቂቃ እረፍት ተባለ። አቶ ጀማሉዲን በር ላይ ደርሰው ወደ ሐኪሟ ሳያዩ፣ ደጅ ካሰርኳቸው ፍየሎች ነጯ ዛሬ ብታነክስ አይገርመኝም፤ ካርዷ እዚያ አለ አሉ። ነጯ ፍየል ስትዘል ነበር።

ሊቀመንበሩ ወደ ሻይ ቤት ሲወጡ፣ በእረፍት ሰዓት የሆነ ነገር በቃለ ጉባኤ እንደማይገባ አስጠነቀቁ። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት ምንም አልተደረገም። ያልተደረገውም የሚከተለው ነው።

ዶክተር ኢህሳን ከወንበሯ አልተነሳችም። በሩን መለስ አላደረገችም። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ የሻምበልን ራስ ጭኗ ላይ አላስተኛችም። እጇ እግሩን ከመንካቱ በፊት፣ «አባባ ጌጡ፣ ከመታመሙ በፊት የት ነበር? በየት በየት አለፈ? ምን አገኘው?» ብላ አልጠየቀችኝም። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። ይኼን ማን አስተማረሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሷም፣ «አዋሽ አርባ ነው ያደግሁት አባባ፤ እኛ ቤት ሰላምታው ራሱ ሩብ ቀን ይፈጃል፤ እዚህ ግን ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀውን ብቻ ጠይቂ ተብዬ ነው» አላለችኝም።

እኔም እሑድ በድሮው ሐዲድ ዳር ይዤው ስሄድ ቀበሮ አይቶ ያ ግጦሹን ሁሉ የወረረው መጤ የእሾህ ዛፍ ውስጥ ዘሎ እንደገባ፣ ሲወጣ መዳፉን ሲልስ እንደነበር አልነገርኳትም። ማታ ራሴ እሾህ ነቅዬለት እንደነበርም አልነገርኳትም፤ ነቅዬ ጨርሻለሁ ብዬ ኮርቼ ስለነበር። እሷም፣ «የዚያ ዛፍ እሾህ ሥጋ ውስጥ ይሰበራል፤ የነቀሉት ግማሹን ነው» አላለችም። እኔም ይኼን ስሰማ አንገቴን አልደፋሁም።

ማደንዘዣው አልተወጋም። ቆዳው አልተሰነጠቀም። መግሉ አልፈሰሰም። የጣቴን አንጓ የሚያህል ጥቁር እሾህ በወረንጦ አልወጣም። ኤፍራታ ብዕሯን ጥላ የእጅ ባትሪ አልያዘችም። መድኃኒቱ ከሣጥኑ የወጣው «ፍየል፣ ነጭ፣ እንስት፣ የአቶ ጀማሉዲን» ተብሎ አይደለም። ውሻዬ በአንድ ቀን ሰው፣ ጸሐፊና እንስት ፍየል አልሆነም።

ሰኞ የሳሎን ዕቃ ያልኳትን ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ይኼ ግን በእረፍቱም ሆነ ከእረፍቱ ውጪ እውነት ነው፤ አልጠየቅኳትም። አፌ እንቢ አለ። ወንበር አቀረብኩላት።

ጉባኤው በ7፡10 ቀጠለ። ሊቀመንበሩ የሻምበል እግር ላይ የተጠመጠመውን ነጭ ጨርቅ አይተው ከየት መጣ ሲሉ ጠየቁ። ወይዘሮ ውባንች፣ እረፍት ላይ የሆነ ነገር አይነሳም ብለው የለም ወይ ሲሉ መለሱላቸው። አቶ ጀማሉዲን ነጯ ፍየላቸው ተሽሏት እንደሆነ ሐኪሟን ጠየቁ። ተሽሏታል አለች።

«ሻምበል ውሻ ነው» የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። አቶ ጀማሉዲንና ወይዘሮ ውባንች ደገፉ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ከሻምበል ላይ ሳያነሱ ተቃወሙ፤ ሰው መሆኑን ያልተቀበሉ እንደሆነ የፎቶግራፉ ውሳኔ ይፈርስባቸዋል። ከዚያም እንደ ልማዳቸው በመነጽራቸው አናት ወደ ጠረጴዛው ሥር አዩ፤ አራተኛውን ድምፅ ሲፈልጉ።

ሻምበል አራት እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ ቆሟል።

ሊቀመንበሩ ትንሽ ጠበቁት። «አቶ ሻምበል?» ሲሉም በአክብሮት ጠሩት። እሱ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ሁለት ሄደ፤ ግራውን እየፈራ ረገጠ፤ ደግሞ ረገጠ። የወይዘሮ ውባንችን እጅ አሸተተ። ድምፀ ተዓቅቦ ተብሎ ተመዘገበ።

በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ሻምበል ውሻ መሆኑ ተወሰነ። አቶ ጀማሉዲን አልሐምዱሊላህ አሉ። ወይዘሮ ውባንች አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩ ግን ደንቡን አወጡ፤ ገጽ አራትን አነበቡ። ጸሐፊው ውሻ ስለሆነ አባል አይደለም፤ አባል ስላልሆነ ጉባኤው ከጠዋት ጀምሮ አልሞላም፤ ስላልሞላ ምንም አልተወሰነም አሉ። በመሆኑም የመጨረሻው ውሳኔ የሚከተለው ሆነ፦

የጸሐፊው ምርጫ፣ የፎቶግራፉ ትእዛዝ፣ የውሾች ከመጠበቂያ ክፍል መባረር፣ እንዲሁም ሻምበል ውሻ ነው የተባለው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ይኼም ውሳኔ ጉባኤው ባልሞላበት ስለተወሰነ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። አቶ ሻምበል እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ እንደነበረ ይቆይ።

ስብሰባው በ7፡35 ተበተነ። ያልተሰበሰበ ሰው እንዴት እንደሚበተን እንጃ፤ ተበተኑ።

ከተበተኑ በኋላ ኤፍራታ አንድ ነገር ነገረችኝ። ዓይነቱን፣ ሰው ወይም ውሻ የሚለውን፣ ያለ ሰመራ መቀየር አትችልም። የስም ስህተት ግን ማንንም ሳታስፈቅድ ማረም ትችላለች። «የእርስዎንም የአባትዎንም ስም አሁኑኑ ላጥፋልዎት፤ ሻምበል ብቻ ብለን ሁለት ሰረዝ እናደርጋለን፤ ሰውም አይስቅብዎትም» አለች። እስካሁን የት ነበርሽ ብላት፣ «ሦስት ቀን ጮሁብኝ እንጂ መቼ ጠየቁኝ አባባ?» አለችኝ። ይኼም ይጻፍ።

አሰብኩበት። ቅዳሜ የጀማሉዲን ነጭ ፍየል ፋሻዋን ለመቀየር ቀጠሮ አላት፤ ሻምበል በራሱ ካርድ ሲመጣ ግን ደጅ ላይ ስሙን ሲጠሩት ማንም እንደሌለው ሻምበል ብቻ ይሉታል ማለት ነው። እንዲህ አልኳት፤ የአያቱን አጥፊው፤ አባቴ ውሻ አይወድም ነበር፤ በሰላም ይረፍ። የአባቱን ስም ግን ተይው። የሚስቅ ይሳቅ።

ለማረጋገጫ የአውራ ጣቴን አሻራ ከታች አሳርፋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ ምን እንደጨመርሽ ልስማ። ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ጸሐፊው ገና አሁን እንቅልፍ ወሰደው።